የጨው ተራውን ታዛ ያነሳው

ማሩ በ1972 ዓ.ም. ጥምቀት፣ ታቦት በደጁ ሲያልፍ ሞተ ተባለ። የመርሳ ሰው ሬሳ ሲያይ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ይመሰክራል፤ ማየት የግድ አይደለም። ሃምሳ አለቃ ገበየሁ ከወልድያ በፖሊስ ላንድሮቨር መጥቶ ገበያው አፍ ላይ ሲወርድ ነገሩ ሁሉ ተጠናቆ ጠበቀው። ሟቹ የጨው ነጋዴው ማሩ፣ ገዳዩ ጎረቤቱ እንድሪስ፣ መግደያው ባላ።

«ታዲያ እኔን ምን አስጠራችሁኝ? የበዓል ጠላዬን ጥጄ ነው የመጣሁት» አለ ገበየሁ።

ገበየሁ ወፍራም ነው። ወፍራም ፖሊስ ብልህ ነው ብሎ የሚጠረጥር ስለሌለ ሰው ፊቱ እንደ ልቡ ያወራል፤ እሱም ውፍረቱን ከሽጉጡ እኩል ይንከባከበዋል።

የመለሰለት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ አስፋው ነበር። አስፋው ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካ ሰው ነው። የካኪ ኮቱ ቀኝ ትከሻ በጠመንጃ ማንገቻ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። ጠመንጃው በግራ ትከሻው ተንጠልጥሏል፤ ግንባሩ ላይ የጨው ተራ በረከት ነጭ ሆኖ ያበራል።

«የጠራንህ ልትመረምር አይደለም፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ልትወስደው ነው። ማሩ አበልጄ ነበር። አንድ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሐዘኑ የማን እንደሆነ አንተው ገምት።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ሰውየው ወዴት ነው?»

እንድሪስ ከአንድ ሱቅ ምሰሶ ጋር እጁ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ጢሙ የሸበተ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ቶይባ የወደቀ ቆቡን አንስታ፣ አቧራውን እያራገፈች አጠገቡ ቆማለች። ላንድሮቨሯ ሲመሽ ወደ ወልድያ ትመለሳለች። በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት መኪና ለሄደ ሰው ስንቅ ቋጥረው የተከተሉ ዘመዶች፣ ብዙ ጊዜ ስንቁን እንደ ቋጠሩ ይመለሱ ነበር። ቶይባ ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው ቆቡን ማራገፍ ያላቆመችው።

ይህን ነገር ለመረዳት ጨው ተራን ማወቅ ያስፈልጋል። ጨው ዝናብ ይፈራል። ስለዚህ የድሮ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ፊት ለፊት ሲሠሩ፣ የሳር ታዛውን ከሁለቱም ወገን እያስረዘሙና እያስጎነበሱ መንገዱን ዋሻ አደረጉት። ገበያው ደግሞ የተቀመጠው በወንዙና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ነው፤ የማርያም ታቦት በጥምቀት ዕለት፣ የሚካኤል ደግሞ በማግስቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ በዚሁ ዋሻ ውስጥ ያልፋሉ። ከበሮ ከተመታ የሳሩ ጥላሸት ስለሚረግፍ ከበሮ አይገባም። ዘማሪዎቹ ዞረው ይሄዳሉ፤ ከካህናቱ ጋር የሚገባው ቃጭል ብቻ ነው። ካህናቱ ይህን ዝምታ «የትሕትና ነው» ይሉታል። የሳር ነው ብሎ የሚከራከራቸው የለም።

ታዛዎቹ ታቦቱ እስኪያልፍ በባላ ይነሳሉ። ባላ የያዘ ሰው መስገድ አይችልምና፣ ክርስቲያኑ ግንባሩን መሬት እንዲያስነካ ባላውን የሚይዝለት እስላም ጎረቤቱ ነው። ማን እንዳዘዘው የሚያስታውስ የለም፤ ታዛው ነው ያዘዘው። ሰው ከስግደቱ ሲነሳ የመንገዱ ጨው ግንባሩ ላይ ይቀራል። በረከት ነው ተብሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይጠረግም።

መታጠፊያው ላይ የማሩ ሱቅ አለ። የእሱ ታዛ ከሁሉም ስለሚከብድ ሁለት ባላ ይፈልጋል። የመንገዱን እንድሪስ ይይዛል፤ የውስጡን ማሩ ራሱ። በሁለቱ መካከል የጆንያ መጋረጃ አለ። ታቦት የተሸከመው ቄስ እዚያ ላይ ሲደርስ በጎኑ ለመዞር ይቆማል። ከዚህ መቆም ሌላ ልማድ ተወለደ፤ ታቦቱ በቆመበት ባለሱቁ አንድ አቤቱታ ጮክ ብሎ ያሰማል፣ ሕዝቡም ተደፍቶ ያዳምጣል። ዘንድሮ ማሩ ምንም አላለም። ሰዉም «ዘንድሮስ ጠግቧል» ብሎ አለፈ።

ገበየሁ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ማሩ በጀርባው ተዘርግቷል፣ የራስ ቅሉ ጎን ተሰንጥቋል፣ ባላው ደረቱ ላይ ተጋድሟል። አጭር ሰው ነበር። የጎማ ጫማው እግሩ ላይ ነው። ገበየሁ ጫማውን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከጆንያዎቹ ጀርባ የሚዛኑ ትልቅ ድንጋይ ደም ነክቶት ተወሽቋል። ተወቅጦ ለሽያጭ የተከመረው ጨው ላይ ደግሞ ሦስት ጣት የጠረገው ትንሽ መስመር አለ። ሱቁ የኋላ በር የለውም።

«ባላውን ለቆበት ነው» አለ አስፋው ከደጅ። «ታዛው ወደቀ፣ ባላው ተፈናጥሮ መታው። ሰሞኑን በቦታ ሲጨቃጨቁ ነበር።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ገበየሁና ሚስትየዋን ፍለጋ ወጣ።

አስካለ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ የደረቀው ጨው ከአፈር ጋር ተለውሶ ጠይም ሆኗል።

«እትዬ አስካለ፣ ማሩ ታቦት ሲመጣ ጫማውን ያወልቅ ነበር?»

«ይኼ ምን ጥያቄ ነው፣ ጌታዬ? ቃጭሉን ከሩቅ ሲሰማ ነው የሚያወልቀው። ጠጠር ላይ ቆሞም ቢሆን ያወልቃል።»

«ሰሞኑን እንግዳ አልመጣባችሁም?»

«ከትናንት ወዲያ መጣ። ራሱን የተላጨ፣ ፊቱን ፀሐይ የረሳው ጎረምሳ። ከወልድያ ነው የመጣሁት አለ። ከማሩ ጋር ጓሮ ተቀምጠው አወሩ። ልጁ ከሄደ በኋላ ማሩ እህል አልቀመሰም። ‹ምን ነገረህ?› ብለው ‹ታቦቱ ሲቆም ትሰሚዋለሽ› አለኝ። እኔም ተደፍቼ ጠበቅሁ። ዝም አለ።»

«ልጆች አሏችሁ?»

«አንድ ነው፣ ሀይሉ። ወልድያ ይማር ነበር። ያኔ ወጣቱ ሲለቀም ክርስትና አባቱ ቤት ገብቶ ተሸሸገ፤ አበልጃችን አስፋው በአፋር በኩል ጅቡቲ አሻገረልን። ደብዳቤ አይመጣም እንጂ ደህና ነው ይለናል። ከዚያ ወዲህ የበዓል በግ ታርዶ የእሱን ድርሻ በአስፋው እጅ ሳልልክ ቀምሼ አላውቅም።»

ገበየሁ ተነስቶ የማሩን ታናሽ ወንድም ተፈራን ጠራው። ተፈራም እንደ ወንድሙ አጭር ነው፤ የገበያ ሰው ከእንድሪስ ቀጥሎ የሚያማው እሱን ነበር።

«ወንድምህ ሲሞት የት ነበርክ?»

«ከበሮ አንገቴ ላይ ነበር። ከበሮ ደግሞ ተራ አይገባም። ከዘማሪው ጋር በበግ ተራ ዞርኩ፤ አገር አይቶኛል።»

«ይህን ሱቅ ትመኘው ነበር ይባላል።»

«አሁንም እመኘዋለሁ፣ ሃምሳ አለቃ። ወንድሜ ውስጡ ተቀምጦ እየተሳደበ ቢከለክለኝ ግን ይሻለኝ ነበር።»

ገበየሁ ወደ እንድሪስ ሄደ። ገመዱ የእጁን ጣቶች አሳብጧቸዋል።

«አያ እንድሪስ፣ ባላውን ለቀቁት?»

«ወላሂ አልለቀቅሁም። ብለቀው ታዛው ቄሱ ላይ ይወርድ ነበር። ታቦቱ ሲያልፍ ‹ማሩ፣ አውርድ› አልኩት። ከውስጥ ቀስ አድርጎ አወረደ።»

«መለሰልዎት?»

«አልመለሰም። ሌላ ጊዜ ‹አላህ ይስጥህ› ይለኛል ሊያበሽቀኝ። እኔም ‹ማርያም ትስጥህ› እለዋለሁ። ዘንድሮ ዝም ሲለኝ በቦታው ነገር አኩርፎ ነው አልኩ።»

«ሌላ የተለየ ነገር ነበር?»

እንድሪስ አሰበ። «ዘንድሮ ቀለለኝ። ማሩ አጭር ስለሆነ ሸክሙ ወደ እኔ ያዘነብል ነበር። ዛሬ ከውስጥ በኩል ከፍ ብሎ ተነሳ። ጎበዝ ሆነ ብዬ በሆዴ አመሰገንኩት።»

«ንገረው እንጂ» አለች ቶይባ ቆቡን እያራገፈች። «በጎረምሳነቱ የያዘውን ባላ ሸብቶም አልጣለም በለው። ሲያስሩት ከጨው ተራ አንድ ሰው አፉን አልከፈተም በለው። ያየውን የሚናገር እንኳ ጠፋ።»

ገበየሁ ዘወር ብሎ ጎረቤቱን አየ። ጨው ተራ ሁሉ እግሩን ይመረምር ነበር።

የመጨረሻው ቄስ ሞገስ ነበሩ። ታቦቱን አግብተው፣ ለማሩ ፍትሐት ሊያደርሱ ወደ ገበያ ተመልሰዋል።

«አባ፣ የታቦቱ ጥላ ዘንድሮ ተቀደደ ወይ?»

ቄሱ ደነገጡ። «ማን ነገረህ? አልተቀደደም። የማሩ ታዛ ከውስጥ በኩል ዝቅ ስለሚል በየዓመቱ የጥላውን ዘርፍ ይቦጭቀዋል፤ የምትሰፋው አስካለ ናት። ዘንድሮ ሳይነካን አለፍን። ተአምር ነው ተባብለናል።»

«እኔም የተአምሩን ቁመት ለማወቅ ብዬ ነው» አለ ገበየሁ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አስፋው እንድሪስን ከምሰሶው ፈትታችሁ ወደ መኪናው ውሰዱ ብሎ ጠባቂዎቹን አዘዘ። ገበየሁ እጁን አነሳ።

«እዚሁ መታጠፊያው ላይ ይቁም። ሁላችሁም ቁሙ። ማንን ይዛ እንደምትሄድ ለመኪናዋ መንገር አለብኝ።»

ሰው ተሰበሰበ። አስካለ፣ ተፈራ፣ ቄስ ሞገስ፣ ቶይባ፣ አስፋው ከታጠቁት ጠባቂዎቹ ጋር፣ ከኋላ ደግሞ ግንባሩ ያልተጠረገው የጨው ተራ ሕዝብ። ከገበየሁ ጋር የመጡት ሁለት ፖሊሶች ሳይታዘዙ ወደ አስፋው ጎን ቀረቡ።

«ማሩ የሞተው ጫማውን እንዳደረገ ነው» ብሎ ጀመረ ገበየሁ። «ቃጭል ሲሰማ ጫማ የሚያወልቅ ሰው ጫማው እግሩ ላይ ከተገኘ ቃጭሉን አልሰማም ማለት ነው። ታቦቱ ተራው ሳይገባ በሚዛን ድንጋይ ተመትቶ ሞቷል። ባላው በኋላ ነው ደረቱ ላይ የተቀመጠው።»

«ታዛው ግን ተነስቷል» አለ ተፈራ።

«ተነስቷል። ሙት ባላ አያነሳም። ያነሳው ገዳዩ ነው።»

ሕዝቡ አማተበ። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ጨበጡ።

«ምን ያድርግ?» አለ ገበየሁ። «የኋላ በር የለም። ከፊት ሕዝቡ ሞልቷል፣ ቃጭሉ እየቀረበ ነው። ታዛው ባይነሳ ታቦቱ መንገድ ያጣል፤ ሰው ‹ማሩን ምን ነካው?› ብሎ መጋረጃውን ይገልጣል። ስለዚህ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ለታቦት መንገድ ከፈተ። እንድሪስ ደግሞ በዚያ ሰዓት ደጅ ባላ ይዟል፤ ቄሱም ዲያቆናቱም አይተውታል። ሁለት ባላ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሰው ወሎ እስካሁን አልወለደችም። ተፈራም ከበሮ ይዞ በበግ ተራ ነው።»

«እሺ፣ ማን ነው ታዲያ?» አለ አስፋው።

«ከማሩ የሚረዝም ሰው። የእንድሪስ ሸክም ቀሏል፣ የቄሱ ጥላ አልተቀደደም።»

«መርሳ ረጅም ሰው ሞልቷል።»

«ሞልቷል። ታዛው ሲወርድ ሰው ከስግደቱ እየተነሳ ታቦቱን ይከተላል፤ ገዳዩም ወጥቶ ይቀላቀላል። ችግሩ ግንባሩ ነው። ያልሰገደ ሰው ጨው የለውም፣ ጨው የሌለው ሰው የት ነበርክ ይባላል። ስለዚህ ከሱቁ ክምር በሦስት ጣቱ ጠርጎ ግንባሩን ቀባ። የሱቁ ጨው ግን ለሽያጭ ነው፣ የተጣራ ነው። የመንገዱ ተረግጧል። እስቲ ተያዩ።»

ሰው ተያየ። ያ ሁሉ ግንባር አፈር የቀላቀለ፣ ጠይም፣ የቆሸሸ ነበር። የአስፋው ብቻ እንደ ወተት ነጭ ነው። አስፋው እጁን ወደ ግንባሩ ላከና ከመንገድ መለሰው።

«በንጹሕ ግንባር ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ጠመንጃህን ወደ ቀኝ ትከሻህ አዛውረው፤ እኔም እንድሪስን ይዤ እሄዳለሁ። ማንገቻው ኮትህን የጨረሰው በቀኝ በኩል ነው፤ ዛሬ ግን በግራ ነው ያንጠለጠልከው። ከባድ ታዛ ያልለመደውን ትከሻ ያቆስላል።»

አስፋው ጠመንጃውን አላዛወረውም።

«ለምን ይገድለዋል?» አለች አስካለ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «አበልጁ ነው። ልጃችንን ያወጣልን እሱ ነው።»

ገበየሁ ከዚያ በፊት የተናገረው ሁሉ ቀላል ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ራሱን የተላጨና ፀሐይ ያላየ ጎረምሳ ከወልድያ ከመጣ ከእስር ቤት ነው የመጣው። ከወልድያ እስር ቤት የወጣ ሰው ጅቡቲ ስላለ ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ሀይሉ የሚያውቀው ካለ እዚያው አብሮት ታስሮ ነበር ማለት ነው። ሀይሉ ደግሞ በመጨረሻ የተሸሸገው በአንድ ሰው ቤት ነው። ማሩ ታቦቱ ሲቆም በሕዝብ ፊት ሊናገር የነበረው ይህን ነው። የተሳሳተው ዛሬ ጠዋት ቀድሞ ለአበልጁ መንገሩ ላይ ነው። ቢያንስ ይዘጋጅ ብሎ አዝኖለት ይመስለኛል።»

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለ አስፋው ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ። «ይህ አድኃሪ ነው። ያዙት።»

ጠባቂዎቹ የመርሳ ልጆች ናቸው፤ ከሀይሉ ጋር ወንዝ የወረዱ አሉባቸው። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ከፖሊሶቹ አንዱ ጠመንጃውን ከግራ ትከሻው ሲያወርደው አስፋው አልተከላከለም።

«ያኔ ወይ ሀይሉ ነበር ወይ እኔ» አለ አስፋው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቤቴ ቢያገኙት አብረው ይወስዱኝ ነበር። ዛሬም ለምኜው ነበር፤ ማሩን። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። እምቢ አለ። ታዛውን ግን አልለቀቅሁም። ብለቀው ታቦቱ ላይ ይወድቅ ነበር።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው መልክ ነበረው። አስካለ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ለፋሲካ ‹ጅቡቲ የሚሄድ ነጋዴ አለ› ብለህ ለሀይሉ ያሠራሁትን ሸሚዝ ወሰድክ። ‹ሰፋ አድርጊው፣ ልጁ አድጓል› አልከኝ። ለማን ሰጠኸው?»

አስፋው የኮቱን ቁልፍ ለመቆለፍ ጣቶቹን ላከ። ሸሚዙ ግን ቀድሞ ታይቶ ነበር። አስካለ የሰፋችውን ክር አየች፣ አንገትጌውን በሁለት ጣቷ ነካችው፣ ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ባሏ ሬሳ ተመለሰች።

ላንድሮቨሯ ከነጥሩምባዋ ሄደች። እንድሪስን ያሰረው ገመድ አስፋውን ይዞ ሄደ።

ገበየሁ የምስክሮችን ቃል ለመቀበል መርሳ አደረ። በማግስቱ፣ የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ዕለት ነው፣ የወልድያን አውቶቡስ ሲጠብቅ የጨው ተራ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ወደ እንድሪስ ደጅ ሲሄዱ አያቸውና እሱም ከኋላ ተከተለ። የሰው ነገር የማይጠግብ ሰው ነው። በሩን የከፈተችው ቶይባ ናት።

«እንደምን አደርሽ፣ ቶይባ? አያ እንድሪስ አሉ?» አላት ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«አልሃምዱሊላህ። አለ።»

«እንግዲህ የትናንቱ አልፏል፤ እውነቱም ወጥቷል። ሚካኤል ሊመጣ ነውና ባላውን እንዲይዙልን ነበር።»

«እጁ አብጧል።»

«እኛኮ አላሰርናቸውም፣ እህቴ። ያሰራቸው አስፋው ነው።»

«አስፋው አንድ ሰው ነበር» አለች ቶይባ። «እናንተ ተራውን ሙሉ ነበራችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ተመለሱ። በዚያ ጠዋት ከሌሎቹ እስላም ጎረቤቶችም ባላ ሊይዝ የመጣ አልታየም። ገበየሁ ወደ ወልድያ ሊወስደው የሚችል ጥፋተኛ ፈልጎ ዙሪያውን አየ፤ ለዚህኛው ነገር የሚሆን መኪና አልነበረውም።

ታዛዎቹ እንደተደፉ ቀሩ። የሚካኤል ታቦት በበግ ተራ ዞሮ፣ በሜዳው ላይ፣ ከነከበሮውና ከነእልልታው አለፈ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የማርያምም መንገድ እዚያው ሆነ። ካህናቱ ምክንያት አላጡለትም፤ ጌታ የእግዚአብሔር በግ ነውና በበግ ተራ ማለፉ ይስማማዋል ይላሉ። እንድሪስን የጠየቀ ሰው ግን አጭር መልስ ያገኛል።

«እዚያ ታዛ የለም» ይላል። «የሚይዝላቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።»